የኤሌክትሪክ እልፍኝ አስከልካይ

በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ወደ ውስጥ የሚዘልቀውን ሰው ማንነትና ጉዳይ አስቀድሞ የሚመረምር፣ እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ሹም ነበረ። ዛሬ በብዙ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ ሥራ ደመወዝ የማይጠይቅና እንቅልፍ የማያውቅ መሣሪያ ይሠራዋል። ሠራተኛው ካርዱን በበሩ አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ሳጥን ሲያስጠጋ ቀጭን ድምፅ ይሰማና በሩ ይከፈታል። ነገሩ አስማት ቢመስልም አስማት አይደለም።

ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ እንኳ የለውም። በውስጡ ያሉት የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦና ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የኤሌክትሮኒክስ ቅንጣት ናቸው። ሳጥኗ በሴኮንድ 125 ሺህ ጊዜ፣ ወይም እንደ ዐይነቷ 13 ሚሊዮን 560 ሺህ ጊዜ የሚመላለስ የሬዲዮ ሞገድ ታሰራጫለች። ሽቦው ወደዚህ ሞገድ ሲቀርብ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠርበታል፤ ቅንጣቷም በዚሁ ኀይል ነቅታ የተሰጣትን ቁጥር ታስተላልፋለች።

ሳጥኗ ግን ብዙውን ጊዜ የመፍረድ ሥልጣን የላትም። ቁጥሩን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ለሚገኘው ተቆጣጣሪ መሣሪያ ትልካለች። እርሱም መዝገቡን ተመልክቶ ሦስት ነገር ይመረምራል፤ ይኸውም ባለካርዱ ማን እንደ ሆነ፣ ይህ በር የተፈቀደለት መሆኑንና ሰዓቱም የተፈቀደለት ሰዓት መሆኑን ነው። ፈቃድ ካለ ቁልፉን ይለቃል፤ ከሌለ ይከለክላል፤ ሁለቱንም ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ካርድ ቢጠፋ ቁጥሩን ከመዝገብ መሰረዝ ይበቃል እንጂ የበሩን ቁልፍ መለወጥ አያስፈልግም።

ነገር ግን መብራት ቢጠፋስ? በዚህ ረገድ የኤሌክትሪክ ቁልፎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው ማግኔት ነው። ኤሌክትሪክ ሳለ በሩን ከ500 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኀይል ሊይዝ ይችላል፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ግን ወዲያው ይለቃል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ከውጭ እንደ ተቆለፈ የሚቀር ነው፤ ይህም በአግባቡ ሲሠራ ከውስጥ እጀታውን በመጫን ብቻ ይከፈታል።

ከውጭ መቅረት ከጊዜ በቀር ብዙ አያስከፍልም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የፌስቡክ ኩባንያ የመገናኛ መረብ ለ6 ሰዓት ያህል በተቋረጠ ጊዜ አንዳንድ ሠራተኞች ካርዳቸው አልሠራ ብሎ ከገዛ መሥሪያ ቤታቸው ደጅ ቀርተው ነበር። ችግሩ ሲወገድ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከውስጥ መቅረት ግን ከዚህ ይለያል። የኤሌክትሪክ ቁልፍ ገና ባልተስፋፋበት በ1911 በኒው ዮርክ ከተማ ትራያንግል በተባለ የሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ከመውጫ በሮቹ አንዱ ተቆልፎ ስለ ነበር ብዙዎች መሸሻ አጡ። 146 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ስለዚህ በደንብ በታነጸ ሕንፃ ውስጥ የእሳት ማስጠንቀቂያው ሲጮኽ የማግኔቱ ኤሌክትሪክ በራሱ እንዲቋረጥ ይደረጋል፤ ከበሩ ውስጠኛ ገጽ አጠገብም የመውጫ አዝራር ይተከላል። አንባቢም ነገ እንዲህ ባለ በር በሚያልፍበት ጊዜ የሚገባበትን ካርድ ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትን አዝራር ጭምር ይመልከት፤ አዝራሩን ቢያጣው ወይም ሣጥን ተደርድሮ ሸፍኖት ቢያገኘው ለሚመለከተው ክፍል ሳይውል ሳያድር ያመልክት።