ስካውት ሰላይ አይደለም

«ስካውት ማለት ሰላይ ማለት ነው፤ በስሜን ተራሮች ጠመንጃ አንግተው ከእንግዳ ጋር የሚሄዱትም ሰላዮች ናቸው» የሚል ጽሑፍ በደባርቅና በዳባት ልጆች ስልክ ሲዘዋወር ስላየሁ፣ በአስጎብኚነት እንጀራዬን የምበላ ሰው እንደ መሆኔ ዝም እንድል ኅሊናዬ አልፈቀደም።

1. ሥርወ ቃሉ። እንግሊዞች ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ የወሰዱት ሲሆን፣ የዚያም ምንጭ አውስኩልታሬ የተባለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጓሜውም ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ነው።

2. ከሠራዊት ቀድሞ የጠላትን ሁኔታ አጣርቶ የሚመለሰው ቃፊር ስካውት ተባለ። ጽሑፉ ያነሣው ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም አጣሞ።

3. የጦር መኮንኑ ቤደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 በብራውንሲ ደሴት ልጆችን ካሠለጠነ ወዲህ የወጣቶች ማኅበር ስም ሆነ።

ቃሉ ሌላም ፍቺ አለው፦ አንድም በኦክስፎርድ የተማሪዎችን ክፍል የሚያጸዳ አገልጋይ፤ አንድም ለእግር ኳስ ክለብ ተጫዋች የሚመለምል ነው፤ ከዚህም ሌላ ከሰሜን አውሮጳ ልሳን የመጣ፣ በድምፅ ብቻ የሚገጥም፣ በንቀት አለመቀበልን የሚያመለክት ሌላ ግሥ አለ።

የእኛው ስካውት ግን የፓርክ ጥበቃ ነው። በስሜን ተራሮች ፓርክ፣ ሳንቃበር ላይ ጭላዳው በድንገት ሲጮህ ቆም ብሎ ያዳምጣል፣ ነብር ይሁን ውሻ ይለያል፤ ፎቶ ለማንሣት ወደ ገደሉ አፍ የተጠጋውን እንግዳም ክንዱን ይዞ ይመልሳል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ የመሥሪያ ቤቶቻችን ቸልታ ነው። በየቅጹና በየደረሰኙ ቃሉን በባዕድ ፊደል ከማስፈር በቀር ሥራው ምን እንደ ሆነ ለእንግዳውም ሆነ ለአገሬው የሚያስረዳ አንድ መስመር አይጽፉም፤ ስለዚህ እንግዳው ስካውቱ አስጎብኚ መስሎት የወፍ ስም ይጠይቀዋል፣ እንግሊዝኛ አለመቻሉንም በአቤቱታ ይጽፍበታል፤ ሌላው የጦርነት አጃቢ መስሎት ይሠጋል፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደርሰው የገዛ ወንድሙን በጥርጣሬ ያያል። ስልጠና ሲባል አዳራሽ፣ አበልና የምስክር ወረቀት ይታሰባል፤ የሥራው ትርጉም ግን ለማንም አይነገርም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተራ ገብቶ፣ በ2017 እስኪወጣ ድረስ በጌጭና በጨነቅ ውርጭ ዋልያን ሲጠብቁ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ነበሩ።

ወገኖቼ፣ ሰላይ የሚለው ስም በዚህ ዘመን ሰው ያስገድላል። ጽሑፉን ያጋራችሁ አጥፉት፤ ከእንግዲህም የፓርክ ጥበቃ ብላችሁ ጥሩአቸው።