ግድግዳ ላይ የወጣች ፀሐይ

የስታር ዋርስ ተከታታይ የሆነው የ«ማንዳሎሪያን» ዋና ገጸ ባሕርይ ፊቱን እምብዛም አያሳይም። ከራስ ቁሩ እስከ ቅልጥሙ የሚያብረቀርቅ ብረት ለብሶ ነው ከፕላኔት ፕላኔት የሚዞረው። ለተመልካች ግርማ ነው፤ ለቀራጮቹ ግን ራስ ምታት። የተወለወለ ብረት የከበበውን ሁሉ ያሳብቃል። እንደተለመደው ተዋናዩን በአረንጓዴ ጨርቅ መሐል አቁመው ቢቀርጹት የራስ ቁሩም፣ ደረቱም፣ የትከሻው ጠርዝም አረንጓዴ ይመታል። ከዚያ ያንን አረንጓዴ ከእያንዳንዱ ፍሬም በኮምፒውተር እየፋቁ በቦታው በረሃና ሰማይ መሳል ይመጣል። አንድ ሰከንድ ፊልም 24 ፍሬም ነው፤ ስምንት ክፍል ያለውን ተከታታይ እንግዲህ አስሉት።

የተከታታዩ ፈጣሪ ጆን ፋቭሮና አይኤልኤም የተባለው የቪዥዋል ኢፌክት ኩባንያ ጨርቁን ጨርሰው ተዉት። በምትኩ በካሊፎርኒያ፣ ማንሃተን ቢች በሚገኝ ስቱዲዮ ውስጥ 6 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የኤልኢዲ ግድግዳ አቆሙ። ግድግዳው 23 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክብ መድረክ ሦስት አራተኛውን ይከብበዋል፤ ጣሪያውም ስክሪን ነው። ሠራተኞቹ «ቮልዩም» ይሉታል፤ አይኤልኤም ለጠቅላላው አሠራር የሰጠው ስም ደግሞ «ስቴጅክራፍት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ለእይታ ከበቃው የመጀመሪያ ምዕራፍ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የተቀረጸው እዚህ ውስጥ ነው።

ስክሪኖቹ በአዲስ አበባ አደባባዮች ላይ ማስታወቂያ ከሚያሳዩት ጋር ዘራቸው አንድ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጥቃቅን አምፖሎች ተደርድረው ምስል ይሠራሉ። ልዩነቱ ጥግግቱ ላይ ነው። በማንዳሎሪያን ግድግዳ ላይ ከአንዱ ነጥብ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 2.84 ሚሊሜትር ነበር። ያም ሆኖ ካሜራው ፎከሱን ግድግዳው ላይ ካሳረፈ ጉድ ይፈላል፤ የስክሪኑ ነጥቦች ከካሜራው ሴንሰር ረድፎች ጋር ተጋጭተው ምስሉ ላይ የሚርመሰመስ ሞገድ ይፈጥራሉ። ስለዚህ ተዋናዩ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ሌንሱ እሱን አጥርቶ ይይዛል፣ ከኋላው ያለው ተራራ ደብዘዝ ይላል።

እስካሁን ያልነው ትልቅ ቴሌቪዥን ነው። ፎቶ ቤት ገብቶ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት የቆመ ሰው ሐሳቡንም ጉድለቱንም ያውቀዋል። ፎቶ አንሺው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢራመድ የተሳለው ፏፏቴ ዝንፍ አይልም። እውነተኛ ፏፏቴ ቢሆን ኖሮ ቅርብ ያለው ዛፍ ቶሎ፣ ሩቅ ያለው ገደል ቀስ ብሎ ቦታ ይለዋወጥ ነበር። ዓይናችን ጥልቀትን ከሚለይባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። የተሳለው ፀሐይ ከግራ ሲያበራ የፎቶ ቤቱ መብራት ከቀኝ መምጣቱ ደግሞ ሁለተኛው ጉድለት ነው። ቮልዩሙ ለሁለቱም መልስ አለው።

ለመጀመሪያው መልሱ የመጣው ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በግድግዳው ላይ የሚታየው በረሃ ቪዲዮ ሳይሆን፣ ኤፒክ ጌምስ ለጨዋታ ሠሪዎች ባዘጋጀው አንሪያል ኢንጂን የተገነባ ባለ ሦስት አቅጣጫ ዓለም ነው። ካሜራው ላይ ትናንሽ ምልክቶች ይለጠፋሉ፤ ዙሪያውን የተሰቀሉ የኢንፍራሬድ ካሜራዎች እነዚያን እየተከታተሉ ካሜራው የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ለኮምፒውተሩ ይነግሩታል። ኮምፒውተሩም ልክ ከዚያ ቦታ የሚታየውን በረሃ ወዲያው ይሥላል። ካሜራው በሐዲዱ ላይ ሲንሸራተት የቅርቡ ድንጋይ ያልፋል፣ የሩቁ ተራራ ይዘገያል።

«ወዲያው» ስል ግን ትንሽ አጋንኛለሁ። በዚያ የመጀመሪያ ቀረጻ ወቅት ካሜራው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ግድግዳው እስኪከተለው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፍ ነበር። ለዚህም ነው ትክክለኛው ምስል ሌንሱ ከሚያየው ሰፋ ተደርጎ የሚሣለው፤ ካሜራው በድንገት ዞር ቢል እንኳ ገና ያልተስተካከለው ክፍል ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከዚያ ክልል ውጭ ያለው የግድግዳው ክፍል አይንቀሳቀስም። ሥራው ሌላ ነውና።

ሥራው ማብራት ነው፤ ለሁለተኛው ጉድለት መልሱ ይኸው ነው። ስለዚህ ማሽን ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ከተዋናዩ ኋላ የሚታየውን መልክዓ ምድር ነው፤ እኔ ግን ዋናው ፋይዳው ካሜራው የማያየው ክፍል ይመስለኛል። በጣሪያው ላይ ያለው ሰማይ የራስ ቁሩ አናት ላይ ያርፋል። በግራ ያለው ቀይ ገደል የደረቱን ብረት ያቀላዋል። ተዋናዩ ዞር ሲል አድማሱ በራስ ቁሩ ጉንጭ ላይ ተለምጦ ይንሸራተታል፤ ይህን ነጸብራቅ የሣለ ባለሙያ የለም፣ ብርሃኑ ራሱ ሠራው። ከመድረኩ አጠገብ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩት ባለሙያዎች ተራራ ገፋ፣ ፀሐይ ዝቅ አድርጉ ሲባሉ እዚያው ያደርጉታል። የመሸት ሲል ብርሃን በእውነተኛ በረሃ ለአጭር ጊዜ ብቻ ቆይቶ ያልፋል፤ እዚህ ግን ቀኑን ሙሉ እንደቆመ ይውላል። ግሬግ ፍሬዘርና ባዝ አይዶይን በዚህ ተከታታይ የካሜራ ሥራቸው በ2020 የኤሚ ሽልማት ወስደዋል።

ከምስል ፊት ተዋናይ ማቆም በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በጥቁርና ነጭ ዘመን ፊልሞች ከመኪናው የኋላ መስታወት ወዲያ የሚሮጠው ጎዳና ከጀርባ በፕሮጀክተር የተጣለ ነበር። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 በወጣው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውስጥ የሰው ልጅ ጥንታዊ አባቶች የሚታዩበትን የአፍሪካ በረሃ የቀረጸው እንግሊዝ አገር፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ባልደረቦቹ የዛሬዋ ናሚቢያ ሄደው ትላልቅ ፎቶዎች አነሱ፤ እነዚህ ከፊት ለፊት በፕሮጀክተር ወደ አንድ ግዙፍ ስክሪን ተጣሉ። ስክሪኑ የተለበጠው ለመንገድ ምልክቶች በሚውለው ዓይነት አንጸባራቂ ሲሆን፣ ብርሃኑን ወደመጣበት ይመልሰዋል። ፊልሙን መልሶ የሚያይ ሰው ነብሩ ወደ ካሜራው ሲዞር ዓይኖቹ እንደ አምፖል ቦግ ሲሉ ያያል። የፕሮጀክተሩ ብርሃን ነው። እንስሳው ዘዴውን አጋለጠ፤ ውጤቱ ግን የሚያስፈራ ሆኖ ስላማረ እንዳለ ቀረ።

የዛሬው ግድግዳም የሚያጋልጡት ነገሮች አሉት። ኤልኢዲው የሚያመነጨው ሦስት ቀለም ብቻ በመሆኑ ለዓይን ነጭ የሚመስለው ብርሃን መሐሉ ጎዶሎ ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ግን ከቀይ እስከ ሐምራዊ ሳይቋረጥ የተያያዘ ነው። ይህ ጉድለት ቀድሞ የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። የጠይምም ሆነ የቀይ ዳማ ፊት በግድግዳው ብርሃን ብቻ ሲታይ መልኩ ይዛባል፤ ስለዚህ ለፊት ሌላ የፊልም መብራት ይጨመራል። ሁለተኛው የቀትር ፀሐይ ነው። በሰፊ ጣሪያ ላይ ከተበተነ ብርሃን ጠርዙ የተሳለ ጥላ አይወጣም። ለዚያ የ«ማንዳሎሪያን» ቀራጮችም ወደ ስቱዲዮው ግቢ መውጣት ነበረባቸው። የወለሉ አሸዋ እውነተኛ፣ የግድግዳው አሸዋ ብርሃን ስለሆነ ደግሞ የሚገናኙበት መስመር እንዳይታይ ቀለሙን ማመሳሰል ትዕግሥት የሚጨርስ ሥራ ነው።

ከማሽኑ በላይ የተቀየረው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። በአረንጓዴ ጨርቅ ዘመን ዳይሬክተሩ «በኋላ ይስተካከላል» ብሎ ያልፍ ነበር፤ ተራራው ምን እንደሚመስል የሚወሰነው ተዋናዩ ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ነው። አሁን ተራራው ከቀረጻው ቀን በፊት ማለቅ አለበት። ስለዚህ እንደ ዳግ ቺያንግና አንድሩ ጆንስ ያሉት የፕሮዳክሽን ዲዛይነሮች ውሳኔ ወደ ፊት መጣ። የአይኤልኤም ባለሙያዎች አይስላንድና ዩታ ድረስ ሄደው ድንጋይና ገደል ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሱ፤ ሶፍትዌሩ ከፎቶዎቹ ባለ ሦስት አቅጣጫ ቅርጽ ሠራ። ይህን ለውጥ እወደዋለሁ። ሠዓሊው የሌላውን ስህተት ከሚጠግን መጀመሪያ ቢጠየቅ ይሻላል።

ዘዴው ፈጥኖ ተስፋፋ። ጀርመን ባቤልስበርግ ውስጥ «1899» የተባለው የመርከብና የባሕር ተከታታይ በተመሳሳይ ግድግዳ ተቀረጸ፤ ፍሬዘርም በ2022ቱ «ዘ ባትማን» የጎታምን ከተማ አድማስ በኤልኢዲ አበራ። ሲበዛ ግን ይሰለቻል። ተዋናዮች ሁሌ ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ ማንም ሩቅ አይሄድም፣ ሰማዩ ሁሌ ሊመሽ ነው። በዚያው በስታር ዋርስ ዓለም የተሠራው «አንዶር» በ2022 ሲወጣ ቮልዩሙን ትቶ በተገነቡ ሰፈሮችና በእውነተኛ ቦታዎች ነበር የተቀረጸው፤ ልዩነቱም ዓይን ውስጥ ይገባል።

ፍሬዘርም ቢሆን ለ«ዱን» ዮርዳኖስ ዋዲ ረምና አቡ ዳቢ በረሃ ድረስ ሄዷል፤ በካሜራ ሥራው ኦስካር ያገኘበት ፊልም ነው። የኮምፒውተር ምስል በሚጨመርባቸው ቦታዎች የተዘረጋው ጨርቅ ግን አረንጓዴ ሳይሆን የአሸዋ ቀለም ያለው ነበር። ከጨርቁ ተመልሶ ተዋናዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የበረሃ ብርሃን እንዲሆን ነው። ግድግዳውን ያስገነባው ምክንያትና ይህን ጨርቅ ያስመረጠው ምክንያት አንድ ነው።

እንዲህ ያለ ግድግዳ ለመትከል ሚሊዮኖች ዶላር ያስፈልጋል። አንሪያል ኢንጂንን ግን ማንም በነጻ ማውረድ ይችላል፤ ዘዴው በትንሽ አቅም የሚሠራበት ቦታም አለ፦ መኪና ውስጥ የሚደረግ ንግግር። የአማርኛ ፊልም ያለዚህ ትዕይንት የማይሆንለት ይመስላል። መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አቁሞ ከመስኮቱ ወዲያ ትልቅ ቴሌቪዥን ማቆምና አስቀድሞ የተቀረጸ ጎዳና ማሳየት ነው። ከቀን ይልቅ የሌሊት መንገድ ይመረጣል፤ የቴሌቪዥን ብርሃን ደካማ ስለሆነ ቀንን አስመስሎ አያበራም፣ የሌሊት መብራቶች ግን ለመስታወቱና ለተዋናዩ ጉንጭ ይበቃሉ። የካሜራው ሹተር ከቴሌቪዥኑ ጋር ካልተናበበ ጥቁር መስመር ይመላለሳል፤ ከቀረጻው በፊት መሞከር ግድ ነው። ጎዳናውን ስትቀርጹም ካሜራው ከመሬት ስንት ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንደነበር ጻፉት፤ በጋራዡ ውስጥ ያለው ካሜራ ከዚያ ከፍታ ከወጣ መኪናው የሚሄደው ከመንገዱ በላይ ይመስላል።