የማትጾም መነኩሲት

ባሕር ዳር፣ አሳ በሚወርድበት የጣና ዳርቻ፣ አጥማጁ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ መግፈፍ ሲጀምር ፔሊካኖቹ ተጋፍተው ይጠጋሉ፤ የተወረወረው አንጀት መሬት ሳይነካ ይቀልቡታል። ድመቷ ግን ራቅ ብላ፣ ጭራዋን በእግሮቿ ዙሪያ ጠቅልላ ትቀመጣለች። ከአሳው የሚፈሰው እጣቢ መዳፏ ጋ ሲደርስ እግሯን አንስታ ታራግፍና ሌላ ደረቅ ቦታ ትመርጣለች። አሳውን ትፈልጋለች፣ ውሃውን አትፈልግም። ይህን ያየ ሰው «የድመት ነገር!» ብሎ ያልፋል። ስለ ድመት የምንሰጠው ማብራሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አያልፍም፤ አመለኛ ናት፣ ኩሩ ናት፣ ውለታ አታውቅም እንላለን። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረትም ገዳማት በሞሉበት በጣና ዙሪያ ሲነገር የበለጠ ሳይጥም አይቀርም። ተረቱ ስለ ድመቷ የሚለው እውነት ነው፤ የሚሰጠው ፍርድ ግን ልክ አይደለም። አመል የምንለው አብዛኛው ነገር ብቻዋን የምታድን የአንዲት ትንሽ አውሬ አካል የሚያዝዛት ሥራ ነው።

የቤት ድመት የወረደችው ዛሬም በአገራችን ዱር ከሚገኘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ዘር ነው፤ ይህንን በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴት ደግሞ ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች። ያ ዘር የለመደው ደረቅ አገር ነው። ውሃ የሚያገኘው በዋናነት ካደነው ሥጋ ስለነበር ኩላሊቱ ሽንትን አወፍሮ፣ ውሃን ቆጥቦ ይሠራል። የጣና ድመት ከሐይቁ አፋፍ ተቀምጣ ለመጠጣት የማትቸኩለው ይህን ኩላሊት ወርሳ ነው። ታዲያ የደረቅ አገር ልጅ አሳ ወዳድ የሆነችው ከየት አምጥታ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ምላሷ ላይ ይመስላል። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚለው የድመት ምላስ የሥጋን ጣዕም የሚለይበት መቀበያ በተለይ በቱና አሳ ውስጥ በብዛት ለሚገኙ ንጥረ ነገሮች የተስማማ ነው። በአንጻሩ ጣፋጭን የሚለየው መቀበያ ከተበላሸ ቆይቷል፤ በ2005 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው አንዱ ዘረመሉ አይሠራም። ምርጡን የጎጃም ማር ብታቀርቡላት ለእሷ ጣዕም የለውም።

ነገሩ በጾም ቀን ይከርራል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በቤቱ ሽሮና ምስር ብቻ ይሠራል፤ ድመቷም ፍርፋሪውን አሽትታ ትሄዳለች። «ጠግባለች» ይባላል። አልጠገበችም። ድመት ሥጋ በል መሆኗ የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን አይሠራውም፣ ቫይታሚን ኤንም እንደ እኛ ከካሮት አውጥታ አትጠቀምበትም። ሁለቱንም ከእንስሳ ሥጋ ማግኘት አለባት። ታውሪን ለረጅም ጊዜ ከጎደለባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። «የእኛ ድመት እንጀራ በወጥ ትበላለች እኮ!» የሚል ይኖራል። ትበላለች፤ የሚስባት ግን ቅቤውና የሥጋው መረቅ ነው፣ ወይም ረሃብ ነው። ደግሞም የጎደላትን ጓሮ ወርዳ በአይጥና በወፍ ትሞላዋለች። ጉዳቱ ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ እንጀራ የለመደች ድመት ለባለቤቷ ጤነኛ ትመስላለች።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጉዳዩ የሆድ ከሆነ፣ ጠግባ የበላች ድመት አይጥ ይዛ፣ ተጫውታባት፣ ሳትበላት በር ላይ ጥላት የምትሄደው ለምንድን ነው? ይህማ ጭካኔ አይደለም? ሒሳቡን እንይ። አንዲት አይጥ 30 ኪሎ ካሎሪ ያህል ብትሰጥ ነው፤ አራት ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 በላይ ትፈልጋለች። ስለዚህ ሰባት ስምንት ጊዜ ማደን አለባት፤ ብዙው ሙከራ ደግሞ ይከሽፋል። እስኪርባት ጠብቃ የምትነሳ ድመት ድሮ ባልተረፈች ነበር። አደኑ ከረሃቡ ተነጥሎ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ይቀሰቅሳታል። የቀረበላትን ምግብ ቀመስ አድርጋ ትታ መሄዷና ቆይታ ተመልሳ መምጣቷም ከዚያው ነው፤ ሆዷ የተሠራው ለትንንሽና ለብዙ ገበታ ነው። እኛም ብንሆን ያስጠጋናት በዚህ አመሏ ነው። ጎተራ ያለው ገበሬ ጠግባም የምታድን ድመት ይፈልጋል። እንደ ክብራን ገብርኤልና ደጋ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት የተቀመጡት መጻሕፍት የተጻፉበት ብራናም ቆዳ ነው፤ ለአይጥ ምግብ ይሆናል። ብራና ባለበት ቤት ድመት አመሏን ብትረሳ ማን ይጠቀማል?

ሙቀት የምትወድበት ምክንያት ደግሞ ቀላል ነው። የድመት አካል ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ኃይል የማያወጣው አየሩ ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ባሕር ዳር ደግሞ በአብዛኛው ወራት 30 አይደርስም። እኛ «ደስ የሚል አየር» የምንለው ለእሷ ብርድ ነው። እንጀራ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ከምጣዱ ጎን፣ ወይም ገና ለብ ባለው የምድጃ አመድ ላይ የምትጠቀለለው፣ አሁን ወደቆመ ባጃጅ የምትሮጠውም ለዚህ ነው። ባዶ ካርቶን ወይም ቁና ባየች ቁጥር መግባቷ ደግሞ ከመደበቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ በአንድ የእንስሳት መጠለያ በተደረገ ጥናት፣ መደበቂያ ሣጥን የተሰጣቸው ድመቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ተረጋግተዋል።

አመል ሁሉ የጋራ ነው ማለት ግን አይቻልም። አንዷ ጭን ላይ ትወጣለች፣ ሌላዋ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ትገባለች። ይህ ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ከፊሉ ከአባት ይወረሳል፣ ከፊሉ ደግሞ ግልገሏ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሰው እጅ በማግኘቷ ወይም ባለማግኘቷ ይወሰናል። እዚያ ላይ ባለቤቱ ድርሻ አለው። ሥጋ መፈለጓ፣ ማደኗና ሙቀት መሻቷ ግን በጠባይ የሚለወጥ አይደለም።

ስለዚህ ጾሙ የባለቤቱ እንጂ የድመቷ አይደለም። ሥጋ ቤት የሚዘጋበት ወቅት ቢሆንም አሳ ከሚበለትበት ቦታ ጭንቅላትና ቁርጥራጭ አይጠፋም። መቀቀል ግን ያስፈልጋል፤ ካርፕ የሚባለው አሳ በሚመደብበት ወገን ካሉት አሳዎች ብዙዎቹ ጥሬ ሲሆኑ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያጠፋ ነገር አላቸው፣ የጣና ነጭ አሳም ከዚሁ ወገን ነው። እሳት ያንን ነገር ያጠፋዋል። እሾሁን ለቅሞ፣ ጨውና በርበሬ ሳይነካው፣ ለብ እንዳለ ማስቀመጥ ነው። ትንሽ ቀምሳ ብትሄድም ሳህኑን ለማንሳት አትቸኩሉ።