ስምንት ደቂቃ፤ የፕላኔቶች ጉዞ ትምህርት እንዴት እንደ ተለወጠ

ስለ ሥነ ፈለክ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው፣ የጥንት ሰዎች ባለማወቅ ምድርን በመካከል አስቀመጡ፣ ኮፐርኒክ ግን እውነቱን ገለጠ የሚል አጭር ቃል ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ሐሳብ በሌላ የሚተካው በምን ምክንያት እንደ ሆነ ነው፤ ለምሳሌም የማርስን ጉዞ እንወስዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ማርስን ሌሊት ሌሊት የሚከታተል ሰው በቋሚዎቹ ከዋክብት መካከል ወደ ምሥራቅ ስትጓዝ ያያታል። በየ780 ቀኑ ገደማ ግን ትቆምና ለሁለት ወር ወይም ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ወደ ምዕራብ ትመለሳለች፤ ከዚያም እንደገና ቆማ የቀድሞ መንገዷን ትይዛለች። የሰማይ አካላት በፍጹም ክብ፣ በእኩል ፍጥነት ይዞራሉ ብለው ለሚያስተምሩ የግሪክ ፈላስፎች ይህ ትልቅ እንቆቅልሽ ነበር።

በእስክንድርያ የነበረው ፕቶሎሚ በ150 ዓ.ም. ገደማ መልስ ሰጠ። ፕላኔት በትንሽ ክብ ላይ ይዞራል፤ የትንሹ ክብ እምብርት ደግሞ በትልቅ ክብ ላይ ሆኖ በምድር ዙሪያ ይሄዳል። ሁለቱ ዙረቶች ሲደመሩ የኋልዮሽ ጉዞው በግልጽ ይገኛል። ነገር ግን ስሌቱ ከሚታየው ጋር እንዲስማማ፣ የትልቁን ክብ ፍጥነት ከእምብርቱ ወጣ ብላ ከምትገኝ ነጥብ ሲታይ ብቻ እኩል እንዲሆን አደረገ። ይህም የእኩል ፍጥነትን ሕግ ያፈርሳል። ስለዚህ በፋርስ ማራጋ በ1259 በተመሠረተው የከዋክብት መመልከቻ የሠሩ ሊቃውንት፣ በኋላም የደማስቆው ኢብን አል ሻጢር (1304–1375)፣ ያችን ነጥብ የሚያስቀሩ ሌሎች ክቦች አሰናዱ። ምድርን ግን ከመካከል አላነሡም።

ኮፐርኒክ በ1543 በታተመው መጽሐፉ ፀሐይን በመካከል አደረገ። በአንድ አቅጣጫ ከሚሄዱ ሁለት ባቡሮች በፈጣኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ዘገምተኛው ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል። እንዲሁም ምድር በውስጠኛው መንገድ ፈጥና ማርስን ስትቀድማት፣ ማርስ የተመለሰች ትመስለናለች። ይህ ማስረጃ ያማረ ነው። ሆኖም ኮፐርኒክ ክቦችን አልተወም፤ የስሌቱም ውጤት ከፕቶሎሚ እጅግ የተሻለ አልነበረም። ከዚህም በላይ ምድር የምትሄድ ከሆነ፣ ቅርብ የሆኑት ከዋክብት በዓመት ውስጥ ቦታቸውን ጥቂት የለወጡ መስለው መታየት ነበረባቸው። ይህን ለውጥ ማንም አላየም ነበር። ቤሰል የአንዱን ኮከብ ለውጥ ለክቶ ያስታወቀው በ1838 ነው። እንግዲህ የኮፐርኒክ ተቃዋሚዎች ሁሉ ያለ ምክንያት የተቃወሙ አልነበሩም።

ፍርዱን የሰጠው ልኬት ነው። ቲኮ ብራሄ (1546–1601) በቬን ደሴት ቴሌስኮፕ ሳይኖረው፣ በትላልቅ መሣሪያዎች የፕላኔቶችን ቦታ ለብዙ ዓመታት ለካ፤ ስሕተቱም ብዙውን ጊዜ ከሁለት ደቂቃ ገደማ አያልፍም ነበር። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ የሙሉ ጨረቃም ስፋት ወደ 30 ደቂቃ ይጠጋል። በ1600 ወደ ፕራግ ሄዶ ከቲኮ ጋር የሠራው ኬፕለር፣ ለማርስ በክብ ላይ የተመሠረተ ስሌት ከብዙ ድካም በኋላ አገኘ። በሌሎች ልኬቶች ሲፈትነው ግን የ8 ደቂቃ ልዩነት ወጣ፤ ይኸውም የጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። ልኬት በ10 ደቂቃ ሊሳሳት በሚችልበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱን ማለፍ ይቻል ነበር። ቲኮ ግን በ8 ደቂቃ እንደማይሳሳት ኬፕለር ያውቃል። ስለዚህ የጣለው ልኬቱን ሳይሆን ክቡን ነው።

በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ የማርስ መንገድ ኤሊፕስ እንደ ሆነና ፀሐይም ፎከስ በተባለው ነጥብ ላይ እንዳለች ገለጠ፤ ከፀሐይ ወደ ፕላኔቷ የተሰመረው መስመርም በእኩል ጊዜ እኩል ስፋት ይጠርጋል። ይህ ኤሊፕስ ከክብ የሚለየው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ አጭሩ ወርድ ከረጅሙ የሚያንሰው ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። በ1619 ደግሞ የዙረቱ ዘመን ካሬ ከርቀቱ ኩብ ጋር እንደሚመጣጠን አስታወቀ። ለመፈተን ያህል፣ የማርስ ርቀት የምድርን 1.524 እጥፍ፣ ዘመኗም 1.881 ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው ኩብና የሁለተኛው ካሬ ሁለቱም 3.54 ያህል ይሆናሉ።

ኒውተን በ1687 እነዚህ ሕጎች ከስበት የሚወጡ መሆናቸውን አሳየ። የእርሱም ትምህርት በተራው ተፈተነ። የሜርኩሪ ኤሊፕስ ቀስ በቀስ ሲዞር፣ በ100 ዓመት 43 ሴኮንድ ያህል በኒውተን ስበት ሊገለጥ የማይችል ትርፍ ተገኘ፤ ምክንያቱንም አይንስታይን በ1915 አስረዳ።

እንግዲህ አሮጌውን ሐሳብ የጣለው የአዲሱ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሊሸፈን ያልቻለ ትንሽ ቁጥር ነው። እኛም በላቦራቶሪ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማ ቁጥር ሲወጣልን፣ ስሕተት ነው ብለን ከመሰረዛችን በፊት መሣሪያችን እስከ ስንት ሊሳሳት እንደሚችል ለይተን ማወቅ ይገባናል። ኬፕለር የቲኮን መሣሪያዎች መጠን ባያውቅ ኖሮ፣ ስምንቱ ደቂቃ ምንም ባልነገረው ነበር።