የድረ ገጹ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስን ሲያነሳ፣ በአካባቢው የነበሩ ሱቆች፣ ምግብ ቤቶች፣ የእንግዳ ማረፊያዎችና የደላላ ቢሮዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደ ሌላ ሠፈር ለመዛወር ተገደዋል። ነጋዴው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ፣ ታፔላውን ነቅሎ፣ አዲሱን አድራሻ ለደንበኞቹ በስልክ ነግሮ ሥራውን ቀጥሏል። ሳይዛወር የቀረ ነገር ቢኖር ድረ ገጹ ነው። የፈረሰ ሕንፃ አድራሻ ይዞ በኢንተርኔት ላይ የቀረ ድርጅት ዛሬም ማግኘት አያስቸግርም። የውጭ አገር ደንበኛ ደግሞ ድርጅቱን የሚያውቀው በዚያው አድራሻ ነው።

አድራሻ መቀየር የአንድ መስመር ጽሑፍ ጉዳይ ነው። ባለቤቱን የሚያስቸግረው ድረ ገጹ በምን እንደተሠራና መግቢያ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ አለማወቁ ነው።

በቀድሞው አሠራር እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ፋይል ነበር። ሃያ ገጽ ያለው ድርጅት ስልክ ቁጥሩን ለመለወጥ ባለሙያ ጠርቶ ሃያ ቦታ ያስነካል። የይዘት ማስተዳደሪያ የሚባለው ሶፍትዌር ይህን አሠራር ለውጦታል። ጽሑፉና ሥዕሉ በአንድ የመረጃ ቋት ይቀመጣል፤ መልኩና አቀማመጡ ለብቻው ይሠራል። ስለዚህ የድርጅቱ ጸሐፊ ወይም የሽያጭ ሠራተኛ በመግቢያ ቃሏ ገብታ አድራሻውን ወይም ዋጋውን አንድ ጊዜ ብትለውጥ በሁሉም ገጽ ላይ ይለወጣል። ዋጋው በየሳምንቱ ለሚለዋወጥበት የመኪና ወይም የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ጥቅሙ ግልጽ ነው።

በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚነሳው ሦስት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ድሩፓል፣ በ2003 የወጣው ወርድፕረስና በ2005 የወጣው ጁምላ። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚወሰዱ ናቸው። ድሩፓል ብዙ ክፍልና ብዙ ተጠቃሚ ላላቸው ትልልቅ ተቋማት የሚስማማ ሲሆን፣ የአሜሪካው ኋይት ሀውስ እንኳ በ2009 ወደ እሱ ዞሮ በ2017 ወደ ወርድፕረስ ተዛውሯል። ወርድፕረስ በዓለም ላይ ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑትን እንደያዘ ይገመታል።

ለቂርቆስ ነጋዴ የቱ ይሻለዋል ቢባል፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ወርድፕረስ ነው። ምክንያቱም የምህንድስና ብልጫ አይደለም። አዲስ አበባ ቶዮታን የመረጠችው መለዋወጫውና መካኒኩ በየሠፈሩ ስለሚገኝ ነው፤ እዚህም ሒሳቡ ያው ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ ቢጠፋ ወይም አገር ቢለቅ ሥራውን የሚረከብ ሌላ ሰው በቀላሉ መገኘት አለበት። ባለሙያው «እኔ ራሴ የሠራሁት ልዩ ሲስተም ነው» ካለ፣ ገዢው የሚገዛው ሶፍትዌር ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ጭምር ነው።

ከእነዚህ ሌላ ዊክስና ሾፒፋይን የመሳሰሉ በኪራይ የሚሠሩ አሉ። ለአጠቃቀም ቀላል ናቸው፤ ሶፍትዌሩን ማሻሻልም የአከራዩ ሥራ ነው። ነገር ግን ኪራዩ ሲቋረጥ ገጹ ይዘጋል፤ የተሠራውን እንዳለ ነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ መትከል አይቻልም። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው።

የምንዛሪው ጉዳይ በነጻ የሚገኘውንም ሶፍትዌር ይነካል። ሶፍትዌሩ ነጻ ቢሆንም የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ኪራይ፣ ማለትም ሆስቲንግ፣ እና ዶሜይን የሚባለው ስም በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዓመት 100 ዶላር ለሆስቲንግ የሚከፍል ድርጅት 5,700 ብር ገደማ የነበረው ወጪው ከ12,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በብር የሚያስከፍሉ አገር ውስጥ ያሉ አቅራቢዎች መኖራቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ሆስቲንግና በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቁ ስሞችን ይሰጣል።

ዋናው ችግር ግን ያለው ከዋጋው ይልቅ ከባለቤትነቱ ላይ ነው። ነጋዴው የዶላር ካርድ ስለሌለው ባለሙያው በራሱ ወይም ውጭ አገር ባለ ዘመዱ ካርድ ይከፍላል፤ ዶሜይኑም በከፋዩ ስም ይመዘገባል። ይህ ቤት ገዝቶ ካርታውን በደላላው ስም እንደማውጣት ነው። ባለሙያው ስልክ አላነሳ ቢል፣ ወይም የዓመቱ ክፍያ ቢዘነጋ፣ ስሙ ከእፎይታ ጊዜ በኋላ ለማንም ክፍት ይሆናል። በታፔላ፣ በቢዝነስ ካርድና በደረሰኝ ላይ የታተመው አድራሻ የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው። ክፍያውን ማንም ይክፈል፣ ምዝገባው በድርጅቱ ስምና በድርጅቱ ኢሜይል መሆኑ በውሉ ላይ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛው ጉዳት ከቸልተኝነት ይመጣል። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. በድሩፓል ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኝቶ ማስተካከያው ይፋ በተደረገ በ7 ሰዓት ውስጥ ያላስተካከለ ሁሉ ገጹ እንደተሰበረ ሊቆጥር ይገባል ሲሉ ራሳቸው የድሩፓል የደኅንነት ባለሙያዎች አስታውቀዋል። ድሩፓል 7 ከጥር 2025 እ.ኤ.አ.፣ ጁምላ 3 ደግሞ ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ማሻሻያ አይወጣላቸውም። በአገራችን የተለመደው የተሰረቀ ዲዛይን መጫን ደግሞ ሌባን ከነቁልፉ ማስገባት ነው፤ ብዙ ጊዜ የተደበቀ ጎጂ ፕሮግራም ይዞ ይመጣል።

አማርኛውን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ የድርጅት ታሪክ ወይም የዕቃ ዝርዝር ከወርድ ተቀድቶ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ በባለሙያው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ብዙ ጊዜ አይካተትም።

በገጹ ላይ መሸጥ ለሚፈልግ ወርድፕረስ ዉኮመርስ የሚባል ተጨማሪ አለው፤ አገር በቀሉ ቻፓም ክፍያን ከእሱ ጋር የሚያገናኝ ማያያዣ አዘጋጅቷል። የእንግዳ ማረፊያዎች ግን የእንግዶችን ፓስፖርት ቅጂ በድረ ገጽ ከመቀበላቸው በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ ይኖርባቸዋል።

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለሙያው ባለበት የድርጅቱ ጸሐፊ ራሷ ገብታ አንድ ስልክ ቁጥር ትለውጥ። ከዚያ የገጹና የመረጃ ቋቱ ሙሉ ቅጂ በፍላሽ ይወሰድና በድርጅቱ ካዝና ይቀመጥ፤ ባለሙያው ይህን ለማድረግ ካንገራገረ ቀሪው ገንዘብ ባይከፈል ይመረጣል።