ጨዋነትና ጨዋታ

በሰቆጣና በዋግ ደጋ፥ እንደ ሌላውም የሰሜን አገር ሁሉ፥ የልደት በዓል በደረሰ ጊዜ እህሉ ታጭዶ በተነሣበት ሜዳ ላይ ገና መጫወት ከጥንት የቈየ ልማድ ነው። ጫፉ የቈለመመ ዱላ የያዘው ጐረምሳ ሁሉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ሩሯን ለመምታት ይሽቀዳደማል። በዚያ ሜዳ የባለጸጋው ልጅ ከእረኛው ልጅ ጋራ እየተጋፋ ይሮጣል፤ ሩሯንም የሚያገኛት እግሩ የፈጠነው እንጂ ዘሩ የከበረው አይደለም። በቀድሞ ዘመን ጌታው በሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ቢመታ፥ በዚያች ቀን መቈጣት ነውር መሆኑን ከአባቶቹ ተምሮ ነበርና እየሣቀ ያልፈው ነበር።

ነገር ግን በዓሉ ባለፈ ማግስት ብዙ አባት ልጁን ከሜዳ ሲጠራ እንሰማለን። «የጨዋ ልጅ ከማንም ጋራ በአቧራ ላይ መንከባለል አይገባውም፤ ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» ይላል። ጨዋነትና ጨዋታ በአንድ ቤት የማይኖሩ ይመስለዋል። ይህ አሳብ የተሳሳተ መሆኑን ለማስረዳት፥ የዋግ ተወላጅ ባይሆኑም ለመላው ኢትዮጵያና ለአፍሪካ የተረፉትን የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሕይወት ታሪክ ለአባቶችና ለእናቶች ልናቀርብ ወደድን።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ዕለት በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ ዐዋቂነታቸው በመኳንንቱ ዘንድ የተወደዱ፥ በ1900 ዓ.ም. ገደማም ወደ ጀርመን አገር ሄደው የአውቶሞቢል ትምህርት የተማሩ፥ በዚያም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ የቀደሙ ሰው ነበሩ። እንደዚህ ያለ የታወቀ ሰው ልጅ በደጅ ጥናትና በሹመት ተስፋ ብቻ ያድጋል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። እርሳቸው ግን ከልጅነታቸው ጀምሮ ልባቸውን የሰጡት ለእግር ኳስ ነበር።

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው የቅዱስ ጊዮርጊስን የእግር ኳስ ክለብ ሲያቋቁሙ፥ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ወራት ቈይቶ ጠላት ከተማውን ያዘ። ፋሺስት የዘር መለያ ሕጉን ባወጣ ጊዜ የጨዋታውን ሜዳ እንኳ አልተወውም፤ ኢትዮጵያዊው ከጣልያኑ ጋራ በአንድነት እንዳይጫወት ከለከለ። ነገሩን ለሚያስተውል ሰው ይህ ክልከላ ፍርሀትን የሚገልጽ ነው። በኳስ ሜዳ የሚያሸንፈው ብልኀትና ትጋት እንጂ የቈዳ መልክ ስላይደለ፥ ጌታ ነኝ ባዩ በተገዢው ፊት መሸነፍን ሠግቷልና። ወጣቱ ይድነቃቸውም ይህን በዐይናቸው እያዩ አደጉ።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ሜዳው ለሁሉ ተከፈተ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ውድድር 5 ቡድኖች ተሰለፉ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖቹ አራራት፥ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ የጦር መልእክተኞች ቡድን ነበሩ። ትናንት አብሮ መጫወት የተከለከለው ኢትዮጵያዊ፥ ዛሬ በአንድ ሕግና በአንድ ዳኛ ፊት ከጣልያኑ ጋራ ትክክል ሆኖ ቆመ። በዚያ ዓመት ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው፤ ቢሆንም ለኢትዮጵያውያን ልጆች ከዋንጫው ይልቅ የሚበልጠው መሰለፉ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ተጫወቱ። በእነዚያ ዓመታት 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ግብ እንዳገቡ ይተረካል። ለኢትዮጵያም ብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የብሔራዊው ቡድን የመጀመሪያ ግጥሚያ በኅዳር 1940 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገ ሲሆን፥ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌ ይባል የነበረውን የጅቡቲን ቡድን 5 ለ 0 አሸንፋለች። ነገር ግን እርሳቸው በእግራቸው ብቻ የሚያገለግሉ ሰው አልነበሩም። የስፖርት አስተዳደር ገና ሲጀመር ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነው የጨዋታን ሕግ በአማርኛ አዘጋጁ፤ ሕጉን ያላወቀ ተጫዋች ዳኛውን እንደ ጠላት ይቈጥረዋልና።

የልጅነታቸው ትምህርት የተፈተነበት ቀን በካርቱም ደረሰ። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፥ የሱዳን፥ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለማቋቋም በዚያ ተሰበሰቡ፤ የኢትዮጵያ መልእክተኛ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋራ ልትጋጠም ተመድባ ሳለ፥ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም፥ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እልካለሁ አለ። ጉባኤው ይህን አልተቀበለም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ወደ ፍጻሜው አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሽንፈቱ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፤ ፍርዱ ግን ይታወሳል።

ከ5 ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፥ የጥምቀት በዓል ገና ከሕዝቡ ልብ ሳይወጣ፥ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ስታዲየም ተደረገ። የኢትዮጵያን ቡድን በአሠልጣኝነት የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። የተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆኑ። ሁለተኛውን የአቻነት ግብ ሊወጣ 6 ደቂቃ ሲቀረው ያገባ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው። በተጨመረው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቻኖ፥ አባቱ ጣልያን፥ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። ከጣልያን ወረራ ነጻ ከወጣን 21 ዓመት ሳይሞላ የጣልያን ልጅ የኢትዮጵያ አምበል ሆኖ ሕዝቡ እልል አለለት። የገናን ሜዳ ሕግ የሚያውቅ ሕዝብ በዚህ አይደነቅም፤ በሜዳ ላይ የሚጠየቀው «ምን ሠራህ?» እንጂ «የማን ልጅ ነህ?» አይደለምና።

የዓለም እግር ኳስ አስተዳደር ለ1958 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ እንኳ በቀጥታ አልሰጥም፥ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያው ጋራ ይጋጠም ባለ ጊዜ፥ የአፍሪካ አገሮች በአንድነት ከውድድሩ ቀሩ። ከዚህም የተነሣ በ1962 ዓ.ም. ለአፍሪካ የተለየ ቦታ ተሰጥቶ ሞሮኮ ሄደች። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። ደቡብ አፍሪካ የዘር መለያ ሥርዓቷን ሳትተው ወደ ዓለም ሜዳ እንዳትመለስ አጥብቀው ተከራከሩ፤ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. የዓለም አስተዳደር ከማኅበሩ አስወጣት። በካርቱም የተሰጠው ፍርድ 19 ዓመት ቈይቶ የዓለም ፍርድ ሆነ።

አሁን ወደ ዋግ አባቶች እንመለስ። በሰቆጣ ስም የተጠራው የ2007 ዓ.ም. ቃል ኪዳን የሕፃናት መቀንጨር እንዲቀር የታሰበበት ነው፤ ረኃብን ያየ አገር ልጅ መጀመሪያ ሊጠግብ ይገባዋልና። የጠገበ ልጅ ደግሞ ይሮጣል። ስለዚህ ሲሮጥ አትከልክሉት። ከማን ጋራ እንደ ተጫወተ ሳይሆን እንዴት እንደ ተጫወተ ጠይቁት። ዳኛው በፈረደበት ጊዜ ታዝዞ እንደ ሆነ፥ የወደቀውን ባልንጀራውን አንሥቶ እንደ ሆነ፥ ሲሸነፍ ያለ ቂም ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ሆነ መርምሩት። ይህን በ10 ዓመቱ ያልተማረ በ40 ዓመቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ ያዳላል።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ዕለቱ ቡሄ ነበር፤ ልጆች ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ የሚዞሩበት ቀን። በእንቍጣጣሽ ተወልደው በቡሄ ዐረፉ፤ ሁለቱም የልጆች ደስታ ቀኖች ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ በዓላት መካከል ያለፈው ዕድሜ፥ ጨዋታ ለጨዋ ልጅ ነውር አለመሆኑን ያስረዳናል። ጨዋነቱ የሚታወቀው በዚያው ሜዳ ነው።