የተተኮሰ ቀለሃ እንዴት የልኬት መሣሪያ ይሆናል?

ከጠመንጃ ተተኩሶ የሚወድቅ ቀለሃ ለብዙ ሰው ጥቅሙን የጨረሰ ቁርጥራጭ ነው። በአሜሪካ የሚገኙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ግን ይህንኑ ቀለሃ አንሥተው፣ ታቹን በትራፓኖ በስተውና ፊሌቶ አውጥተውለት የልኬት መሣሪያ ያደርጉታል። በእርሱ የሚለኩት ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ይሁን እንጂ የተኩሱ ትክክለኛነትም ሆነ የተኳሹ ደኅንነት በዚያ ጥቂት ክፍተት ላይ የተመሠረተ ነው።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ የጥይትን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም ቀለሃው፣ ከቀለሃው ታች የምትቀመጠውና በመርፌ ስትመታ እሳት የምትሰጠው መለኮሻ፣ ባሩዱ እና ከአፈሙዙ የሚወጣው እርሳስ ናቸው። ከአንድ ተኩስ በኋላ ባሩዱ ይቃጠላል፣ መለኮሻዋ ትነድዳለች፣ እርሳሱም ይሄዳል። ቀለሃው ግን ይቀራል። ጥሩ ቀለሃ የሚሠራው 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ ከያዘ ናስ በመሆኑ ተጠርጎና ወደ መጠኑ ተመልሶ እንደገና ሊሞላ ይችላል። በአሜሪካ ጥይትን በቤት ውስጥ መሙላት የተለመደ ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 የተቋቋመው የስፖርት ጠመንጃና ጥይት አምራቾች ተቋም የጥይቶችን መጠንና የግፊት ወሰን የሚመለከት ደረጃ ያወጣል።

የልኬቱ ጥያቄ የሚነሣው እርሳሱን በቀለሃው አንገት ላይ ለማስቀመጥ በሚደረገው ሥራ ነው። በአፈሙዙ ውስጥ እርሳሱን እያሽከረከሩ የሚያወጡ ጠመዝማዛ ጥርሶች ተቀርጸዋል። ጥይቱ ጎርሶ ሳለ በእርሳሱና በእነዚህ ጥርሶች መጀመሪያ መካከል ጥቂት ክፍተት ይኖራል። እርሳሱ ጥርሶቹን ተደግፎ ከተቀመጠ ያለ መንደርደሪያ ስለሚነሣ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ሊያሻቅብ ይችላል። ክፍተቱ ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው የሚለያይ ከሆነ ደግሞ ተኩሱ አንድ ወጥ አይሆንም።

የግፊቱን ታላቅነት በቁጥር ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ለገበያ የቀረበው ባለ 308 ዊንቸስተር ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት በአንድ ኢንች ካሬ 62,000 ፓውንድ ነው። ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ4,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። የአንድ የቤት መኪና ጎማ የሚነፋው በከባቢ አየር ግፊት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ባለ መጠን ነው። ስለዚህ በጥይት ሥራ ላይ በግምት መሥራት ራስን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው።

ችግሩ ክፍተቱ ለዓይን የማይታይና ከጠመንጃ ጠመንጃ የሚለያይ መሆኑ ነው። የአንድ ዓይነት ሥሪት ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ፍጹም እኩል አይደሉም። በአንዱ ጠመንጃም ቢሆን የባሩዱ ትኩስ ጋዝ ጥርሶቹ የሚጀምሩበትን ስፍራ በጊዜ ብዛት ስለሚበላው ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። የተበሳው ቀለሃ የሚያስፈልገው ይህን የማይታይ ቦታ ከውስጥ ለመለካት ነው።

አሠራሩ በየከተማው ጋራዥ ከሚታወቀው የብረት ሥራ አይርቅም። በቅድሚያ በዚያው በሚለካው ጠመንጃ የተተኮሰ ቀለሃ ይመረጣል። ምክንያቱም ቀለሃ ሲተኮስ ተለጥጦ ጥይቱ የሚጎርስበትን ክፍል ቅርጽ ይይዛል። ያገለገለችው መለኮሻ ከወጣችና ቀለሃው ከጸዳ በኋላ የመለኮሻዋ ቦታ በትራፓኖ ይሰፋል። በብዛት የሚሠራበት የመለኪያ ዘንግ ውፍረቱ 5/16 ኢንች፣ ማለትም 7.94 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ 36 የፊሌቶ ጥርሶች አሉት። በመሆኑም ቀዳዳው ከዘንጉ ጠበብ ብሎ ከ7.3 እስከ 7.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበሳና በማስኪዮ ፊሌቶ ይወጣለታል። የተለመደው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን ማስኪዮ ጥርሱ በጣም ሰፊ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቀለሃው በሞርሳ በኃይል ከተጨመቀ ስስ ግድግዳው ይጣመማል። ስለዚህ በልኩ በተሠራ መያዣ ተይዞ በቶርኖ ላይ ቢበሳ ይመረጣል። ማስኪዮው ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ መልሶም ወደ ኋላ እየተባለ ፍቅፋቂው ይወጣል። ቀዳዳው ካዘመመ ቀለሃው በዘንጉ ላይ ዘንበል ብሎ ስለሚቆም ልኬቱ ይሳሳታል።

ለመለካት ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ቀለሃው በዘንጉ ጫፍ ላይ ይጠመዘዛል። በአንገቱ ውስጥ እንደ ልብ የሚንሸራተት እርሳስ ይቀመጥበትና ወደሚጎርስበት ክፍል ይገፋል። ቀለሃው እስከ መጨረሻው ገብቶ ሲቆም በዘንጉ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ እርሳሱን ቀስ አድርጎ ወደ ፊት ይገፋዋል። እርሳሱ ጥርሶቹን ሲነካ ሽቦው ይታሰራል፤ መሣሪያው ወጥቶም ርዝመቱ በካሊፐር ይነበባል። የእርሳስ ሹል ጫፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ልኬቱ የሚወሰደው ጥርሶቹን ከሚነካው የእርሳሱ ጎን ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ብዙ ሞዪዎች ከተገኘው ርዝመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ቀንሰው ይጀምራሉ። የባሩዱ መጠን ግን ምንጊዜም አምራቹ ካተመው ሰንጠረዥ አይወጣም።

አንድ ጊዜ የተበሳ ቀለሃ ዳግም ጥይት አይሆንም። መለኮሻ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ የጋዙን ግፊት የሚያግደው ታቹም ተከፍቷል። ስለዚህ ከሌሎች ቀለሃዎች እንዳይቀላቀል ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጣል።

በአገራችን የጦር መሣሪያና ጥይት ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት በፈቃድ የሚመራ ነው። ከዚህም ሌላ በየመንደሩ የሚገኘው የክላሽንኮቭ ቀለሃ ብዙው ከናስ ሳይሆን ከብረት የተሠራ ነው፤ ታቹም በአንድ ሰፊ ቀዳዳ ፋንታ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት በተለመደው መሣሪያ እንደገና ለመሙላት አያመችም።

ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ባዶ ቀለሃን ካልተተኮሰ ጥይት መለየት ነው። ከላይ የተገለጸው የመብሳት ሥራ ሁሉ የሚመለከተው ባሩዱም መለኮሻውም የወጣለትን ቀለሃ ብቻ ነው። ያልተተኮሰ ጥይት በትራፓኖ ሲነካ፣ በመዶሻ ሲመታ ወይም በእሳት ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል። ዝገት መልበሱ ወይም ለዓመታት በአፈር ውስጥ መቆየቱ አደጋውን አያስቀርም። ቁርጥራጭ ብረት የሚሰበስቡና የሚያቀልጡ ሰዎችም ከናሱ መካከል ያልተተኮሰ ጥይት እንዳይገባ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል።

ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች በእርሻ ወይም በቁፋሮ ጊዜ ጥይትም ሆነ ሌላ ተተኳሽ ያጋጠመው ሰው አለመንካት፣ ልጆችንና ከብቶችን ማራቅ፣ በመጣበት መንገድ መመለስ፣ ቦታውን ከሩቅ ሆኖ ለሌሎች ማሳወቅ እንዲሁም ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው አስተዳደር ማመልከት ይገባዋል።